ስድሳ ዓመት ያልሞላቸው ሽማግሌዎች

ለቤተ ክርስቲያን በር ጠባቂነት የታጨሁት በሃይማኖቴ ጽናት እንዳልነበረ ከመነሻው ልናገር። በጽናት ቢሆን ኖሮ ከእኔ የሚቀድሙ አራት መቶ አባወራዎችና አንዲት የአባ በቅሎ ነበሩ። በቅሎዋ ቢያንስ ቅዳሴ አርፍዳ አታውቅም። እኔ የታጨሁት በሙያዬ ነው። በቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ኬላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንዝን በግ ስከትብ፣ መድኃኒት ስግትና ሳኮላሽ ኖሬያለሁ። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል። በጎቹ ምንም አይሉኝም፤ ሲያዩኝ ግን ሽቅብ ወደ ተራራው ይሮጣሉ። ይህንንም እንደ አክብሮት እቆጥረዋለሁ።

ወረርሽኙ ሲመጣ በደብራችን ዙሪያ ጓንት ያለው ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ሰው ሳንባ የማላውቀውን ሁሉ እንዳውቅ ተፈረደብኝ። «እኔ ስለ ሰው የማውቀው ሁለት እግር እንዳለው ብቻ ነው» ብል የሚሰማኝ ጠፋ።

ከመጋቢት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ በር ለምእመን ተዘግቶ ነበር። ቅዳሴው አልተቋረጠም። ቀዳሾቹ ብቻቸውን ገብተው ይቀድሳሉ፤ እኛ በየደጃችን ቆመን ነፋሱ ያመጣልንን ያህል እናስቀድሳለን። የመንዝ ነፋስ ደግሞ አድልዎ ያውቃል። ለላይኛው ሰፈር የአባን ዜማ ከነጥራቱ ሲያደርስ፣ ለእኛ ሰፈር የሚያመጣው የበቅሏቸውን ድምፅ ነበር። ፋሲካንም በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ የሰረቁትን በግ እንደሚበሉ ሰዎች ተሳቀን ፈሰክን።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከላይ ደብዳቤ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ በጥንቃቄ ይከፈት ይላል። አባ፣ ማለትም የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ኮሚቴ ብለው ሰበሰቡን። ኮሚቴው እሳቸው፣ መሪጌታው፣ እኔና ሦስት የሚያንቀላፉ ሽማግሌዎች ነበርን።

ደብዳቤውን የማንበቡ ዕጣ ለእኔ ወደቀ። የአባ መነጽር አንድ ዐይኑ ከተሰነጠቀ ዓመቱ ነው። መሪጌታው ደግሞ በኮምፒውተር የተጻፈ ነገር አያነብም። «ፊደሉ ልፋት የሌለበት ነው፤ ልፋት የሌለበትን ነገር ዐይኔ አይቀበለውም» ይላል። እኔም ተነስቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ማንበብ ጀመርኩ። እጅ ይታጠብ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ግድግዳም መስቀልም በአፍ አይሳለሙ። የሚያስል ሰው አይግባ። በአንድ ጊዜ ከአርባ ሰው አይበልጥ። በሰውና በሰው መካከል ሁለት ሜትር ይሁን።

«ሜትሩን ተወውና በመቋሚያ አስላልን» አሉ አባ።

«በማን መቋሚያ?» አለ መሪጌታው ወዲያው። መሪጌታው ሲበዛ ረዥም ነው፤ መቋሚያውም እንደ እሱ ነው። በእሱ መቋሚያ ከተለካ ግማሹ ምእመን ይፋት ወርዶ ሊያስቀድስ ነው። በአጭር መቋሚያ ይለካ ያለ ሰው ደግሞ የመሪጌታውን ክብር ነካ ተባለ። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን አለቀ፤ በመጨረሻም የማንም ይሁን ብቻ ሁለት መቋሚያ ተባለ። ያንቀላፉት ሽማግሌዎች በዚህ ጉዳይ ነቅተው፣ ተከራክረው፣ ተመልሰው ተኙ።

ከዚያ ወደ መጨረሻው መስመር ደረስኩ። ደብዳቤው፣ «አረጋውያንና ሕመም ያለባቸው ምእመናን ልዩ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይመከራል» ይላል። እኔ ግን በዚያው ድምፅ፣ ሳልንተባተብ፣ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ምእመናን ለጊዜው ወደ ቅጥሩ እንዳይገቡ በጥብቅ ታዟል።»

ማጋነን አመሌ ነው። አንድ ጅብ ያየሁ እንደሆነ ሦስት ነው የማወራው። በደብዳቤ ላይ ሳጋንን ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አባ ቅንድባቸውን አነሱ። እሳቸው ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። «እኔስ?»

«አገልጋዮችን አይመለከትም ይላል፣ አባ» አልኩ ፈጥኜ። «በቅንፍ።»

ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። እናቴ ቆራቢ ናት። አባቴ በሕይወት ሳለ አብረው ይቆርቡ ነበር፤ እሱ ካረፈም ወዲህ ብቻዋን ሳታቋርጥ ቆይታለች። አሁን ግን በሩ ከተዘጋ አምስት ወር ሳትቆርብ ከረመች። ለእሷ አምስት ወር ውኃ እንዳጣ ሰው መሆን ነው። ፍልሰታ ሲገባ ይከፈታል የሚል ወሬ ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አጥባለች።

ደረቷ ግን ደህና አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ትንፋሿ ተዘግቶ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስናደርሳት፣ መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ ነበር። ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ተሰካላት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ከታፈነች የምንደርስላት አይመስለኝም» አለኝ። ይህንን ለእሷ አልነገርኳትም። እናቴን «ቤተ ክርስቲያን አትሂጂ» ከማለት የመንዝን ብርድ «እባክህ ወደ ወሎ ዙር» ማለት ይቀላል። ስለዚህ እኔ መከልከል ያቃተኝን ደብዳቤ እንዲከለክልልኝ አደረግሁ። ለአንዲት አሮጊት ብዬ የደብሩን ሽማግሌ ሁሉ ከውጭ አስቀረሁ ማለት ነው። በጊዜው ብልህነት መስሎኝ ነበር።

«ይሁን» አሉ አባ በረዥሙ ተንፍሰው። «ግን የማን ዕድሜ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ዕድሜ የሚሰጠው የቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ እሱም የሚሰጠው በዐይን ግምት ነው። መታወቂያችንን ብታዩ የቀበሌው ሰው በሙሉ መስከረም አንድ ቀን የተወለደ ነው። እናቶቻችን ያን ዕለት እንዴት ሆነው እንዳደሩ ሳስበው ይገርመኛል።

መሪጌታው ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሰውዬ የበግ ዕድሜ በጥርሱ ያውቅ የለ?»

«በግና ሰው አንድ ነው እንዴ?»

«ጥርስ ጥርስ ነው» አሉ አባ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። በር ጠባቂ፣ ሙቀት ለኪ፣ ዕድሜ ገማች፣ ሦስት ሹመት በአንድ ቀን።

እሑድ ገና ሳይነጋ ከቤት ስወጣ እናቴ ተኝታ ነበር። የስድሳ ዓመቱን ነገር ከነገርኳት ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም ገብቷታል ብዬ ደስ አለኝ። ጉም ቅጥሩን ውጦታል፤ ካፊያው ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። በኖራ ያሰመርኳቸውን የመቆሚያ ክቦች ዝናቡ አጥቦ የቀረው አንድ ብቻ ነው። እሱም ላይ የአባ በቅሎ ቆማለች።

ለሙቀት መለኪያ ከጤና ጣቢያው ሽጉጥ የመሰለች መሣሪያ ተውሰን ነበር። የመጀመሪያው ሽማግሌ ግንባሩ ላይ ስደግንበት ሁለት እጁን ሰቀለ። «ምንም የለኝ፣ ልጄ» አለኝ። ለካሁት። ሠላሳ አንድ ይላል። ሁለተኛውን ለካሁ፣ ሠላሳ። ሦስተኛዋ ሃያ ዘጠኝ ተኩል። በዚያ ብርድ ግንባር ላይ ሙቀት ከየት ይምጣ! በመሣሪያዋ ምስክርነት ደብሩ በሙሉ ሞቶ ሊያስቀድስ ነበር የመጣው። ግራ የገባኝ ደግሞ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ለጤነኛ በግ ነው፣ ለሰው ግን ትኩሳት ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ግን ለማን እንደሆነ በተማርኩበት የለም።

ከዚያ የዕድሜው ፈተና ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን ሲመካከሩ ያደሩ ይመስለኛል።

«ዕድሜ?»

«ኀምሳ ዘጠኝ።» ይህን ያለኝ ጎረቤታችን ነው፤ በልጅነቴ ካወቅሁት ጀምሮ ሽማግሌ የነበረ ሰው።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያ ልጅዎን አሁን ነው የመለስኩት። ስድሳ አንድ ሞልቶታል።»

«እሱ ድሮም ችኩል ነው» አለኝ ዐይኑን ሳያርገበግብ።

ቀጥላ የመጣችው አሮጊት፣ «ኀምሳ ስምንት፣ ያውም በመስከረም» አለች። ከእሷ ኋላ ያሉት ሁሉ ኀምሳ ዘጠኝ ነበሩ። በአንድ ጠዋት የአገሬ ሽማግሌ በሙሉ እኩያዬ ለመሆን ጥቂት ቀረው። አንዱ ጭራሽ ጭምብሉን አውልቆ፣ «ና፣ እይ ጥርሴን! በጥርስ ነው የምትለየው አሉ!» ብሎ አፉን ከፈተልኝ። ሦስት ጥርስ አየሁ፤ ሦስቱም አንዱ ከአንዱ ሁለት መቋሚያ ተራርቀዋል። በዚያ አፍ ውስጥ መመሪያው በሚገባ ተከብሯል። በግ ቢሆን ኖሮ ከሃያ ዓመት በፊት ለሥጋ የሚሸጥ ነበር። «ልለፍ?» አለኝ። «ይመለሱ» አልኩት።

እንዲህ ስመልስ፣ ስመልስ፣ ቀና ብል በተራዋ ቆማ የምትጠብቀው እናቴ ናት። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች። አፏ ተሸፍኗል። ልትቆርብ ስለሆነ በእሷ ደንብ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ኋላዋ ያለው ሰልፍ አንገቱን አሰገገ። ልጇ በእሷ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሊያዩ ነው።

«ዕድሜ?» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«አንተ ስንት ነህ?»

«አርባ ስምንት።»

«እንግዲያ ኀምሳ አምስት ነኝ።»

«እማዬ፣ በሰባት ዓመትሽ ወለድሽኝ?»

«በሰባት ዓመቴ ብወልድህ አይደል እንዲህ ሳትበስል የቀረኸው!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ማዋዛትን ከማን እንደተማርኩ ያኔ ሁሉም ሰው አየ። ከዚያ እሷ ጠጋ ብላ፣ ሳቁ ሳያልቅ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልግባ፣ ልጄ?» አለችኝ።

«አይቻልም፣ እማዬ።»

አልተከራከረችም። ዞር አለችና ከተመለሱት ጋር ሄደች። እኔም ወደ ቤቷ ሄደች ብዬ አርባ ሰዎቼን ቆጥሬ አስገባሁ።

ቅዳሴው ከገባ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ሳል ሰማሁ። ያን ሳል ከሺህ ሳል መካከል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ቀን አልጋዋ ሥር ተኝቼ አድምጬዋለሁ። ወጥቼ ባይ፣ የመለስኳቸው ሽማግሌዎች አንድም ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ሁሉም ከበሩ ጎን፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ ካፊያውን ሽሽት ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ኀምሳ ሦስት ነፍስ፣ ዐሥር ሰው በማይችል ቦታ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ቅዳሴውን እየተቀበሉ፣ አንዱ በሌላው ጋቢ ውስጥ። እናቴ መሃላቸው ናት። ውስጥ ደግሞ አርባ ጎልማሳ ሁለት ሁለት መቋሚያ ተራርቆ፣ እንደ መኳንንት ተንሰራፍቶ ቆሟል። የጥንቃቄዬ ፍሬ ይህ ነበር። ሽማግሌዎቹን ከበሽታው ልከላከል ብዬ፣ በሽታው አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ሁሉንም እንዲያገኝ አንድ ላይ ሰበሰብኩለት።

«እማዬ፣ ወደ ቤት ግቢ እንጂ!»

«ከውጭ ነኝ። ከውጭም ልትመልሰኝ ነው?»

«ተራራቁ እንጂ! ጋሼ፣ እባክዎ!»

«ወዴት እንራቅ፣ ዶክተር? ዝናቡ ውስጥ?»

ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ቆሙ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አንድ ጆሮዬ ቅዳሴው፣ አንድ ጆሮዬ ሳሉ ላይ። ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ወጥተው ሰዉን ከሩቅ ባረኩ። ከዚያ ከክፈፉ ሥር ያሉትን አዩና ቆሙ።

«ምነው ልጆቼ፣ በዚህ ብርድ?»

«ኀምሳ ዘጠኝ ብንል እምቢ አለን» አለ ጎረቤታችን።

አባ ፊታቸው ተከፋ። «ምን ላድርግ? ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። የእኔ ቢሆን አንዳችሁንም አልከለክልም።»

እናቴ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። «ከላይ ከሆነማ እሺ እንጂ፣ አባ። እኛ ማን ሆነን» አለች። ግድግዳውን በእጇ ዳስሳ፣ እጇን ሳመችና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። እናቴ በዕድሜዋ «እሺ» ስትል የሰማሁት ያኔ ነው። ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ብትጮህብኝማ እቀልድበት ነበር። ያ እሺታዋ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። ፍልሰታዋን፣ ቁርባኗን፣ አምስት ወር የጠበቀችውን ነገር ሁሉ እኔ ለፈጠርኳት አንዲት መስመር አሳልፋ ሰጠች።

«አባ» አልኩ። «ያቺ መስመር የእኔ ናት።»

«የቷ መስመር?»

«የስድሳ ዓመቷ። ደብዳቤው ጥንቃቄ ያድርጉ ነው የሚለው። አይግቡ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ግን ዞራ አላየችኝም።

አባ የተሰነጠቀ መነጽራቸውን አወለቁ። «በቅንፍ ያለውስ?»

«እሱም የእኔ ነው፣ አባ።»

«ስንት ሰው መለስህ?»

«ኀምሳ ሦስት።»

«ዕድሜያቸውን ጠይቀህ?»

«ጠይቄ።»

«ስንቱ እውነቱን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«እንግዲህ ኀምሳ ሦስት ጿሚ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስዋሸህ» አሉ። እንዲህ ሲባል ጎረቤታችን እጁን አወጣ። «እኔን ይተዉኝ፣ አባ። እኔ አልዋሸሁም፤ ዕድሜዬን በእውነት አላውቀውም።»

ንስሐ ተሰጠኝ፤ እስከ ፍልሰታ ፍቺ በየቀኑ ኀምሳ ሦስት ስግደት። የበግ ሐኪም ጉልበት ለዚህ አልተሠራም፤ ያኔ ከወገቤ በታች የነበረውን ሕመም ለመግለጽ ግዕዙ ራሱ አይበቃም። ስለ ሽማግሌዎቹም እዚያው ቆመን ተስማማን። ፍልሰታ በየቀኑ ቅዳሴ አለው፤ ስለዚህ ጎልማሳው እሑድ ይግባ፣ ሽማግሌዎች ደግሞ በአዘቦት ቀን፣ ሃያ ሃያ እየሆኑ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ በተራ ያስቀድሱ ተባለ። የእናቴ ተራ ረቡዕ ላይ ወደቀ።

ቤት ድረስ ተከተልኳት። ገብታ፣ ነጠላዋን ዘርግታ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ያኔ የሐኪሙን ቃል ነገርኳት፤ አንዱንም ሳልጨምርበት። ምን እንደሚጨመርበትም አላውቅም ነበር።

«ይህን ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?» አልኳት።

«አልሰማህም።»

«እኮ!»

«አለመስማቱ የእኔ ነው። መንገሩ ያንተ ነበር።»

በማግሥቱ ሳሉ ባሰባት። ሦስት ሰዓት ዝናብና የኀምሳ ሦስት ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ተቀብላለች፤ የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቀኑ እየመጣች ታያታለች። ትኩሳት የላትም ትለኛለች፤ እኔ ግን አላምናትም። እናቴ ደግሞ እኔን አታምነኝም። ረቡዕ ጠዋት ልብሷን ልትለብስ ስትል፣ «እማዬ፣ የሚያስል ሰው አይግባ ይላል ደብዳቤው» አልኳት።

«ይህስ መስመር የማን ነው?»

«የእነሱ ነው።»

«ማል።»

ማልኩ። ትንሽ አየችኝና፣ «ሌላ ሰው ያንብብልኝ» አለች።

ከዚያ የበለጠ የመረረ ነገር በሕይወቴ አልተባልኩም። ሄጄ መሪጌታውን ለመንኩት። በኮምፒውተር የተጻፈ የማያነበው ሰው ከደጃፋችን ሁለት መቋሚያ ርቆ፣ በገዛ መቋሚያው ለክቶ፣ ቆሞ አነበበላት። ለካስ ከእኔ ይፈጥናል። «የሚያስል ምእመን እስኪሻለው በቤቱ ይጸልይ ይላል፣ እትዬ። እንዲያው የተጻፈውን ነው የማነበው» አላት፤ እኔን በጎን እያየ።

«እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ እጠብቃለሁ» አለች፤ ነጠላዋንም አጥፋ መለሰች።

ከዚያ ወዲያ የጠበቅነው ሁለታችንም ነን። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እየቆረቡ ሲመለሱ በደጃችን ሲያልፉ ታያለች። ጎረቤታችን ራሱ፣ ያ ዕድሜውን የማያውቀው፣ ቆርቦ ሲያልፍ በእጁ ብቻ ሰላም አላት። ፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀን ነው፤ አለቀ ማለት ደግሞ በሩ በቀጣዩ ወር ይከፈት ይዘጋ የሚያውቅ የለም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሳሏን ስቆጥር፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀኑን ስቆጥር፣ በመካከሉ ኀምሳ ሦስቴን ስሰግድ ከረምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሐሙስና ዓርብ አልሰማሁትም። ወይ ለቋታል፣ ወይ አምቃዋለች፤ አምቃ መያዝ ደግሞ ትችላለች።

ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ተራ ነበር። ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ በዚያ ሰዓት ጉሙ ተገልጧል። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ሰው ኋላ መጥታ ፊቴ ቆመች። ዕድሜ አልጠየቅኋትም። ያን ጥያቄ ማንም ካነሳብኝ በበኩሌ ኀምሳ ዘጠኝ ነኝ።

«ሳል አለሽ?»

«የለኝም።»

ከበሩ ፈቀቅ ሳልል ዐይን ዐይኗን አየኋት። ከኋላችን ቀዳሾቹ ሲገቡ ይሰማል።

«ትናንት ማታ አንዴ» አለች ቀስ ብላ። «ውኃ ትን ብሎኝ ነው። እውነቱ ይህ ነው። ከፈለግህ መልሰኝ።»

ብትዋሸኝ ኖሮ መመለሱ ይቀለኝ ነበር። በልቤ ሐኪሙ አለ፣ ሚኒባሱ አለ፣ ዘጠኙ ቀን አለ። ከፊቴ ደግሞ ልትገባ የምትችልበትን ውሸት ትታ እውነቱን የነገረችኝ ሴት ቆማለች። ማንበብ የምችለው ሌላ ደብዳቤ አልነበረም።

«ከበሩ አጠገብ ቁሚ፣ ነፋሱ በሚገባበት» አልኳት። «ከሰው ራቅ በይ።»

«በማን መቋሚያ?»

«በመሪጌታው።»

ገባች። ስትቆርብ አላየኋትም፤ በሩን ትቼ መሄድ አልችልም። የሰማሁት የደወሉን ድምፅ ብቻ ነው። ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፤ የቆረበ ሰው አይናገርምና ምንም አላለችኝም። እኔም ተራዬ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ የሰው ሁሉ እጅ ያረፈበትን የበሩን ብረት በሳሙና አጥቤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ስደርስ ቀማምሳ፣ መደቡ ላይ ጋደም ብላለች። ፊቷን አየሁ። ትንፋሿን አዳመጥኩ። ግንባሯን ልነካ እጄን ስዘረጋ ያዘችው።

«ምን ልታይ ነው?»

«እንዲያው ነው፣ እማዬ። ፈርቼ ነው።»

«እኔ የምፈራውን ጨርሻለሁ» አለችኝ፤ እጄንም ሳትለቅ ዐይኗን ከደነች። «እንግዲህ አንተ አሁን እንደ ልብህ ፍራ።»

እሺ ብዬ እዚያው አጠገቧ ቁጭ አልኩና መፍራት ጀመርኩ። ግማሹን እንኳ ሳልፈራ እሷን እንቅልፍ ወሰዳት።